ድንበሬን ያፈለሰው በረዶ

ስሙን አልጽፈውም። ልጆቹ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል፤ እነሱን ማሳፈር አልፈልግም። የቀድሞ ባሌ ታላቅ ወንድም ነው፤ ይህን ካልሁ ያገሬ ሰው ያውቀዋል። እሱ በየለቅሶ ቤቱ ስንት ዓመት አውርቶብኛል፤ እኔ ገና አሁን መናገሬ ነው።

መሬት በተሸጋሸገ በዓመቱ ነው። ከባሌ ተፋትቼ ከላሊበላ በላይ፣ ደጋው ላይ፣ በራሴ ስም አንዲት ቁራጭ የገብስ መሬት ደርሳኝ ነበር። ከበታቿ የእሱ ማሳ ነው። በመካከላችን አራት ወንድ ተጋግዞ የተከለው የድንበር ድንጋይ አለ።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ፤ ተራራው ሁሉ ነጣ። ሲያባራ ገብሴን ለማየት ወጣሁ። ገብሱ አንድ ሳይቀር ተኝቷል። ቀና ስል ገደሉ ጫፍ ላይ ከተከመረው በረዶ እንስራ የሚያህል ተገምሶ ወረደ። በሣሩ ቁልቁለት ሲንከባለል የተኛውን በረዶ እየጠቀለለ ወፈረ፤ በሬ አከለ፤ ከሰው ቁመት በለጠ! መሬቱ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ገብሴን ቅርሴን ረስቼ እንደ ልጅ እልል አልሁ። በአጠገቤ እየተወረወረ አልፎ ድንጋዩን ገጨው። ድንጋዩ ተነቅሎ የእሱ ማሳ ውስጥ አሥር እርምጃ ገባ። በረዶው እርከኑ ላይ ሄዶ ቆመ። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

በማግስቱ ጧት የመሬቱ በረዶ ቀልጦ ያ ድቡልቡል ብቻ ቀርቷል። የባሌ ወንድም ሦስት ሽማግሌ ሰብስቦ ጠበቀኝ።

«በረዶ ማለት ውኃ ነው፤ ውኃ ይህን ድንጋይ ይነቅላል? ከወንድሞቿ ጋር ሆና ገፍታው ነው!»

ድንበር ገፊ ከተባልሁ መሬቴን መነጠቄ ነው። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ክምር በመገመት የታወቁ ናቸው። ገና ያልተወቃ ክምር አይተው ስንት ኩንታል እንደሚወጣው ይናገራሉ፤ አይስቱም። በረዶውን ሁለት ጊዜ ዞሩት።

«ሦስት ኩንታል። ቢበዛ አራት።»

«ሰማሽ?» አለኝ እሱ እየሳቀ። «ድንጋዩ እንኳ ይበልጠዋል!»

ደሜ ፈላ። ወዲያው ግን አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ።

«አባቴ፣ ይህን የሚያህል የገብስ ክምር ቢሆንስ ስንት ይሉታል?»

«ሦስት ኩንታል አልሁሽ እኮ።»

«ገለባውስ?»

«ገለባው ምን ያደርግልኛል? እሱን ቀንሼ ነው እንጂ።»

«ታዲያ ይሄ በረዶ የቱ ላይ ነው ገለባው?»

ከሽማግሌዎቹ መሐል የነበሩት ቄስ በሳቅ ፈረሱ። ገማቹ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱና «ጆንያ አምጡ!» አሉ።

እሱ ፀሐይዋን አየት አደረገ። «ቆዩ እንጂ፣ እህል ቀምሰን እንመለስ።»

«የለም፣» አልሁት፣ «እርስዎ ይብሉ፤ በረዶው አይጠብቅም።»

አካፋ መጣ። በገመድ አራት ቦታ ከፈሉትና አንዱን ሩብ ብቻ እየቆረጡ ጆንያ ሞሉ። አንድ፣ ሁለት... እኔም በእጄ እየዛቅሁ ነበር፤ ጣቶቼ ደንዝዘው አይሰሙኝም። እያንዳንዱን ጆንያ ሁለት ወንድ እያቃሰተ አነሣው። ሩቡ ብቻ አምስት ጆንያ ወጣው!

ገማቹ የመጨረሻውን ራሳቸው ሞከሩት፤ አልነቃነቅ አላቸው።

«ከሃያ ኩንታል አይወርድም፤ ያውም ጧት የቀለጠው ሳይቆጠር። ዓይኔ ክምር ለምዶ አሳሳተኝ፤ ተሳስቻለሁ» አሉ በሰው ፊት። ባገራችን ወንድ እንዲህ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሽማግሌዎቹ ድንጋዩን የነቀለው በረዶው ነው አሉ፤ ወደ ጉድጓዱ እንዲመለስ፣ ከአራቱ ተሸካሚ አንዱ እሱ ራሱ እንዲሆን ፈረዱ። ፊቱ ቲማቲም መስሎ ተሸከመ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርሱ አንድ ስንዝር ወደ እኔ አስበልጦ ሊያስቀምጠው ሞከረ።

«ወደ ራስህ አስጠጋው እንጂ!» አልሁት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እርስዎ ነበር የምለው።