አንድ ጆንያ የበሰበሰ እንጨት

በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ሲገባ ባሮ ሞልቶ ቀለሙ ተለውጦ ነበር። የኢታንግ መንገድ በውሃ ሊቆረጥ ቀናት ሲቀሩት፣ ከወንዙ ዳር ቀበሌዎች ምጥ የያዛቸውን እናቶች ወደ ጋምቤላ ከተማ የምታመጣው ጀልባ ወደ ወርክሾፓችን ተጎትታ ገባች። ፋይበር ግላስ ናት፤ ዕድሜዋ ከሃያ ዓመት ያልፋል። የሥራ ትእዛዙ ላይ የተጻፈው "ስቱኮና ቀለም" ብቻ ነበር።

ያኔ በሥራው አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። የመጀመሪያ ቀን የመጣሁት የጽዳት ሥራ ልጠይቅ ነው። ወርክሾፑ በዚያ ዘመን የውሃ ታንከር ከፋይበር ይሠራ ነበር። ፎርማኑ፣ አዛውንት ሰው፣ ጣቶቼን አይተው "ሹሩባ ትሠሪያለሽ?" አሉኝ። እሠራለሁ አልኳቸው። "እንግዲያው ይህን የፋይበር ጨርቅ ሳትጨማድጂ ትዘረጊያለሽ" ብለው ብሩሽ ሰጡኝ። ሌሊቱን ከጨርቁ የረገፈው የመስታወት ብናኝ ክንዴን ሲበላኝ አደረ። በማግስቱ ተመለስኩ። ሦስት ልጆቼን ያሳደግኩት በዚያ ብሩሽ ነው፤ ጌታ ይመስገን።

ወደ ጀልባዋ ልመለስ። የሚነዳት ኡጁሉ ነው። አኙዋ ነው፣ ወንዙ ላይ ያደገ፣ ሲናደድ የሚቀልድ ሰው። "እማማ፣ ጋዝ ስሰጣት ሞተሩ ወደ ኋላ ይንጋለላል። እንቅልፍ የያዘው ይመስላል" አለኝ።

የጀልባ የኋላ ግድግዳ፣ ሞተሩ የሚታሰርበት፣ ከውጭ ሲያዩት ፋይበር ነው። ውስጡ ግን በሁለት የፋይበር ቆዳዎች መሃል የታሸገ እንጨት አለ። ሞተሩን የሚሸከመው እንጨቱ ነው። ቡሎኖቹ በሚያልፉበት ቀዳዳ ውሃ ከገባ፣ ቆዳው እንዳማረበት ውስጡ ይበሰብሳል።

በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረግኩት። ደህና እንጨት ድምፅ ይመልሳል፤ ይህ አልመለሰም። ከታች በኩል በትራፓኖ አንድ ቀጭን ቀዳዳ በሳሁ። ጥቁርና እርጥብ ፍቅፋቂ ወጣ፤ ጣቴ ላይ እንደ ረጠበ ትምባሆ ተጣበቀ።

ለኃላፊያችን ለአቶ መኩሪያ ሄጄ ነገርኳቸው። ሐሙስ ጀልባዋ ለቀበሌዎቹ የምትተላለፍበት ርክክብ ነበር፤ እንግዶች ተጠርተዋል።

"ወይዘሮ አስቴር፣ ጊዜ የለንም። ስቱኮ ሙዪ፣ ቀለም ቀቢ፣ ፈርሚ" አሉኝ።

"ምን ብዬ ልፈርም?"

"ለአገልግሎት ብቁ ናት ብለሽ።"

"አይደለችም።"

"በሰነድ የኋላ ግድግዳዋ ደህና ነው። በስብሷል የሚል ወረቀት አለሽ?"

"የለኝም።"

"እንግዲያው አልበሰበሰም" አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ሳይጨምሩ፣ "ኮንትራትሽ ሰኔ ሠላሳ ያልቃል። የማሳድሰው እኔ ነኝ" አሉኝ።

አቶ መኩሪያ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሞተሩ የተገነጠለ ዕለት ጀልባዋ ውስጥ አይሆኑም፣ ይኸው ነው። የኋላ ግድግዳዋ የተቀደደ ጀልባ ወዲያው ውሃ ትሞላለች። ምጥ ላይ ያለች ሴት አትዋኝም።

በማግስቱ ጠዋት ከኡጁሉ ጋር ሞተሩን አወረድን። የውስጠኛውን ቆዳ ከዳር ዳር አራት ጣት ትቼ በግራይንደር ቆረጥኩት። ቆዳው እንደ ክዳን ተነሣ። መሮ አዘጋጅቼ ነበር፤ አላስፈለገኝም። እንጨቱን በእጄ ዘገንኩት። ውሃ እየተንጠፈጠፈ ወጣ፤ ይሸታል፣ ትልም ነበረበት።

ኡጁሉ ጎንበስ ብሎ አየ። "እኔ በዚህ ነው ሰው ስጭን የከረምኩት?" አለ።

አሁን በበሰበሰው እንጨት ፋንታ አዲስ ኮምፔንሳቶ ያስፈልገኛል። ግምጃ ቤት ውስጥ አለ። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ጋሽ ተፈራ ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃሉ፦ የሥራ ትእዛዝ ቁጥርና አሮጌውን ዕቃ። አሮጌው ገቢ ሳይሆን አዲስ አይወጣም። የተቃጠለ አምፖል እንኳ ቆጥረው ይረከባሉ። ሾፌሮች ሲያሟቸው የሚውሉት በዚህ ነው።

"አሮጌው እንጨት የታለ?" አሉኝ።

"ጋሽ ተፈራ፣ እንጨት አልቀረም። ጭቃ ሆኗል።"

"ጭቃውን አምጪዋ።"

ሙሉ ጆንያ ከኡጁሉ ጋር ተሸክመን ደጃቸው ላይ አስቀመጥን። ከፍተው አዩና አፍንጫቸውን በመሐረብ ያዙ።

"ይሄ በምን መለኪያ ገቢ ይሆናል? እንጨት የሚገባው በቁጥር ነው" አሉ።

"ጋሼ፣ ትሉን ቁጠር" አለ ኡጁሉ። "እሱ አይጎድልብህም።"

ጋሽ ተፈራ አልሳቁም። የገቢ ደረሰኙን፣ ሞዴል አሥራ ዘጠኝን፣ ዘርግተው ካርቦኑን አስተካከሉና ቀስ ብለው ጻፉ፦ "ከጀልባ የወጣ፣ ሙሉ በሙሉ የበሰበሰ የኋላ ግድግዳ እንጨት፣ አንድ ጆንያ።" ፈረሙ፤ ማኅተም መቱ። አንዱን ቅጂ ለእኔ ሰጥተው ኮምፔንሳቶውን አወጡልኝ።

የገባኝ ደጅ ከወጣሁ በኋላ ነው። አለሽ ወይ የተባልኩት ወረቀት እጄ ላይ ነበር። ጋሽ ተፈራ አስበውበት ያደረጉት ይሁን ሕጋቸውን ብቻ ጠብቀው፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም። በጸሎቴ ግን ስማቸውን አነሣለሁ።

አቶ መኩሪያ በዚያው ቀን ወርክሾፕ መጡ። ኋላዋ የተከፈተውን ጀልባ አዩ።

"ማን አዘዘሽ?"

ቅጂውን ሰጠኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ሐሙስስ?"

"ሐሙስ ገና እርጥብ ናት። ውስጧ ሳይደርቅ ከዘጋኋት አዲሱም ይበሰብሳል።"

"ልጆች እንዳሉሽ ረስተሻል መሰለኝ።"

"አልረሳሁም። እነሱን የወለድኩት ግን ከተማ ውስጥ ነው፤ ጀልባ አላስፈለገኝም።"

ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተው ሄዱ። ርክክቡ ለሌላ ቀን ተላለፈ።

ከአንድ ሳምንት በላይ በቆርቆሮ ጥላ ሥር አደረቅናት። ቅርጹን በካርቶን ወስጄ ኮምፔንሳቶውን በድርብ ቆረጥኩ። ሁለቱን በሬዚን፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ በሚጠነክረው ፈሳሽ፣ አጣበቅኩ፤ ጠርዛቸውን እስኪጠግብ ሬዚን አጠጣሁት። እስኪጣበቅ ጨምቆ የሚይዝ ትልቅ ሞርሳ ስላልነበረን በሁለት አንግል ብረትና በረጃጅም ቡሎን ከግድግዳው ጋር ጠፍረን አሰርነው። ሲይዝ ፈትተን ፋይበሩን ድርብ በድርብ አለበስኩት።

ለጀማሪዎች ስለ ሬዚን አንድ ነገር ልበል። ጣሳው ላይ የተጻፈው የማድረቂያ መጠን የተለካው ለቀዝቃዛ አገር ነው። በጋምቤላ እኩለ ቀን በዚያ መጠን የበጠበጠ ሰው፣ ብሩሹን ሳያነሣ ጣሳው ይጨስበታል። እኔ ከፀሐይ በፊት፣ ማድረቂያውን ወደ ግማሽ ቀንሼ፣ ትንሽ ትንሽ እበጠብጣለሁ። ከግማሽ በታች ከወረደ ደግሞ ጨርሶ አይደርቅም።

ሰኔ ሠላሳ ከሰዓት በኋላ ደብዳቤው መጣ። ኮንትራቴ የማይታደስ መሆኑን ይገልጻል። አቶ መኩሪያ ራሳቸው ናቸው የሰጡኝ፤ ፊቴን አላዩም። ተቀብዬ ፈረምኩ። ደብዳቤው የያዘው እውነት ስለነበረ እሱን ለመፈረም አልተቸገርኩም።

ከጀልባዋ ሥራ የቀረው የሞተሩ አራት የቡሎን ቀዳዳ ብቻ ነበር።

"በቃ እማማ፣ ሌላ ሰው በአሥር ደቂቃ ይበሳዋል" አለ ኡጁሉ።

የፈራሁትም ይህንኑ ነበር። እንጨቱን በቀጥታ የበሳ ሰው ለውሃ በር ይከፍታል። ቀዳዳው መጀመሪያ ሰፍቶ ይበሳል፤ በሬዚን ይደፈናል፤ ሲደርቅ በመሃሉ በቡሎኑ ልክ እንደገና ይበሳል። እንዲህ ሲሆን ውሃ ቢገባ እንኳ እንጨቱን አያገኘውም። ይህን የዘለለ ጠጋኝ ማንም አያውቅበትም፤ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ በግሌ እሠራለሁ። ልጆቼ ጦማቸውን አላደሩም፤ ለዚህ ጌታን አመሰግናለሁ። ጀልባዋ ዛሬም ወንዙ ላይ ናት። ከሥራው የተማርኩት ይህን ነው፦ ከፍቶ ያላዩትን አይፈርሙም፤ የከፈቱትንም ሳይዘጉ አይሄዱም።

ደብዳቤው በደረሰኝ ማግስት፣ ሐምሌ አንድ፣ ገና ሳይነጋ ወርክሾፑ በር ላይ ነበርኩ። ዘበኛው በፋኖስ አየኝ። "ስምሽ ከዝርዝሩ ወጥቷል፣ እህቴ" አለኝ። "አውቃለሁ፤ ሥራው ግን አላለቀም" አልኩት። ትንሽ አሰበና በሩን ከፈተ። አራቱን ቀዳዳ አስፍቼ በሳሁ፣ ሬዚኑን በጠበጥኩ፣ ደፈንኩ። እስኪደርቅ አጠገቡ ተቀምጬ ጸለይኩ። ከዚያ በመሃል በመሃላቸው በሳሁ። ኡጁሉ ሲመጣ አብረን ሞተሩን ሰቀልን፣ ቡሎኖቹን አጠበቅን። አቶ መኩሪያ ሦስት ሰዓት ላይ ሲገቡ እጄን እየታጠብኩ ነበር። "እንደምን አደሩ" ብያቸው ወጣሁ።