ሳይሰጥ የተመለሰ ሰደቃ

ወደ ሰው አገር የሚሄድ ሰው ገንዘቡን አንድ ላይ አይቋጥር። የመንገዱን ለብቻ፣ የክፉ ቀኑን ለብቻ፣ አደራ የተባለውን ለብቻ ይያዝ። አደራውን ከአገሩ ሳይወጣ በሚሄድበት አገር ገንዘብ ያስመንዝር፤ እንደ ደረሰም ከሁሉ አስቀድሞ ይስጥ። ይህን አሁን አውቄዋለሁ። ለሐጅ ስወጣ ግን የማውቅ ይመስለኝ ነበር እንጂ አላውቅም ነበር።

በእኛ ከተማ በሐይቅ አንድ ሰው ሐጅ ሲሄድ ጎረቤት ለዱዓ ይሰበሰባል። "እዚያ ስትደርስ ሰደቃ ስጥልኝ" እያለም ጥቂት ብር ያስይዘዋል። ክርስቲያኑ ጎረቤቴ ሳይቀር "ለእኔም አንድ ምስኪን አብላልኝ" ብሎ አስያዘኝ። መጨረሻ የመጣችው ከአርዲቦ በኩል ያለች ባልቴት ናት። አንድ ልጇ ሳዑዲ ለመግባት ሲሞክር ባሕር ላይ ቀርቷል። ዶሮ ሸጣ ያገኘችውን ሁለት መቶ ብር ከመቀነቷ ፈታች።

"ልጄ ያን አገር ሳያይ ቀረ። ሰደቃው እንኳ ይድረስለት" አለችኝ።

ወንዱ ልጄ፣ "አባዬ፣ ደሴ ባንክ ወስደን ሁሉንም በሪያል እንመንዝረው" ቢለኝ ተቆጣሁት።

"አማና የአላህ አደራ ነው፤ እንደ ተቀበሉት ነው የሚደርስ! የሰጠችኝ ይህችን ብር ነው፤ ይህችኑ አደርሳለሁ።"

ፊደልም ቁርዓንም በራሴ ጥረት የተማርሁ ሰው ነኝ፤ ልጅ ሲያስተምረኝ አልወድም። ባለቤቴ የአማናውን ብር በጨርቅ ጠቅልላ በኮቴ ገበር ውስጥ ሰፋችው። ሪያል የያዝሁት ለራሴ ወጪ ብቻ ነው።

መካ ስገባ እጄ ተፈታ። "ሁለተኛ አልመጣ" እያልሁ ለልጆቼ መስገጃ፣ ለልጅ ልጆቼ ሰዓት፣ ለባለቤቴ ሽቶ ገዛሁ። ሰደቃውን ለመጨረሻው ቀን አቆየሁት። ያን ቀን ስፌቱን ፈትቼ መንገድ ዳር ለተቀመጠች ሴት የባልቴቲቱን ብር ዘረጋሁላት። አገላብጣ አየችውና መለሰችልኝ። ምንዛሪ ቤት ወሰድሁት፤ ሰውየው ሳይነካው ራሱን ነቀነቀ።

አብሮኝ የነበረው የውጫሌ ሰው ሳቀብኝ። "ሐጂ፣ ቪዛ ያገኘኸው አንተ ነህ እንጂ ብርህ አይደለም!"

"ቀልዱን ተውና ሪያል አበድረኝ።"

"ከየት አምጥቼ? እኔም እንዳንተው ለመስገጃ ጨረስሁት።"

መስገጃዎቹን ለምስኪን መስጠት እችል ነበር። አስቤዋለሁም። አልሰጠሁም። አቅፌያቸው አውሮፕላን ላይ ወጣሁ።

ቤቴ ስገባ ጎረቤት እንኳን ደህና መጣህ ሊለኝ ለዝያራ መጣ። ለየሰዉ ብሩን መለስሁ። ሌላው ስቆ ተቀበለኝ፤ ክርስቲያኑ ጎረቤቴም "የእኔስ መመለሱ አይገርምም" ብሎ ቤቱን አሳቀው። ባልቴቲቱ ግን ብሯን በሁለት እጇ ይዛ ቀና ብላ አየችኝ።

"አላህ አልቀበልም አለ?"

"አላህ አይደለም እቴ። እኔ ነኝ። ሪያሉን ለዕቃ ጨረስሁት።"

"ይሁን። ልጄ ሄዶ ሳይደርስ ቀረ፤ ብሬ ደርሶ ሳይሰጥ ተመለሰ።"

ወንዱ ልጄ፣ "እዚሁ ሐይቅ ላለ ምስኪን በልጅሽ ስም እንስጥለት" አላት። "የእኔ ልጅ የቀረው እዚህ አይደለም" አለችው። እኔም አፍሬ አንዱን መስገጃ ዘረጋሁላት። ብሯን መቀነቷ ውስጥ መልሳ ቋጠረች፤ መስገጃውን መደቡ ላይ ትታው ወጣች።

ዛሬ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ገበያ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ሐጂ ይለኛል። እሷ ብቻ ስታገኘኝ እንደ ድሮው በስሜ ትጠራኛለች፤ እኔም አቤት እላለሁ።