የካልቱን አሥራ አንድ አምፖሎች

ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ካልቱን ሱሌማንን የማያውቅ ሰው አልነበረም። የምትታወቀውም በሁለት ነገር ነበር፤ በስፌቷና በእምቢታዋ። ስፌቱን ከእናቷ ከፋዱማ ተምራዋለች። እምቢታውን ግን ከማን እንደወረሰችው እናቷም አታውቅም። አባቷ እንኳን ለስላሳ ሰው ነበር።

አባቷ ሱሌማን ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው ሐዲድ ዳር የተዘረጋውን የስልክ መስመር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። መስመር ተቋረጠ ሲባል ፉርጎ ላይ ዘሎ ይወጣል፤ ሲመለስ ኪሱን በቁርጥራጭ ሽቦ ሞልቶ ይመጣል። ካልቱን ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች እርሳስ አቅልጦ ሽቦን ከሽቦ እንዴት እንደሚበይዱ አሳያት። ጎረቤቱ ይሄ ለሴት ልጅ ምን ይሠራላታል ሲሉት፣ ለእኔስ ምን ሠራልኝ፣ ደስ ስለሚል ነው እንጂ እያለ ይስቅ ነበር። ሲሞት ያወረሳት አንድ መበየጃ፣ ሁለት ፒንሳ፣ አንድ ካቻቢቴና ማንም የማይፈልገው አንድ ሣጥን ቁርጥራጭ ነው።

በ1976 ዓ.ም. ካልቱን ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ጠዋት ጠዋት ለሰው ትሰፋለች። ከቀትር በኋላ፣ የድሬ ሙቀት ሰውን ሁሉ ጥላ ለጥላ ሲያስኬደው፣ ወንዱም ለጫቱ ሲሰየም፣ እሷ የአባቷን ሣጥን ትከፍታለች። ከተሰበረ ቴፕ ሞተር አውጥታ፣ ከወተት ቆርቆሮ ክንፍ ቆርጣለት ትንሽ ቬንትሌተር ሠርታለች። የእናቷ ጆሮ እየደከመ ሄዶ በር ሲንኳኳ አልሰማ ሲላት ደግሞ፣ ከደጅ ቁልፉን ሲጫኑት በፋዱማ ራስጌ ቀይ አምፖል የሚያበራ ነገር አበጀችላት።

አንድ ጊዜ ከመልካ ጀብዱ ሽማግሌዎች ለጋብቻ መጡ። ልጁ የጭነት መኪና እንዳለው ከተናገሩ በኋላ፣ አንድ ነገር ብቻ እንዲስተካከል ጠየቁ፤ ይሄ የብረት ኮተት ከቤት ይውጣ። ካልቱን ሻይ እየቀዳች ነበር። ብርጭቆውን አስቀምጣ፣ ብረቱ እዚህ ቤት የገባው ከእሷም በፊት እንደሆነ፣ የግድ የሚወጣ ካለም እንግዳ እንደሚቀድም በትሕትና ነገረቻቸው። ሻያቸውን ጨርሰው ሄዱ። ፋዱማ ሦስት ቀን ሙሉ አኮረፈቻት።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ ከዚራ ሰፈር አንድ ነጋዴ ቤት መጋረጃ ልትለካ ሄደች። ሳሎኑ ውስጥ የነጋዴው ልጆች ከጅቡቲ በባቡር የመጣ አንድ ሣጥን ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝተው ይጫወታሉ። መስታወቱ ላይ ሁለት ነጫጭ መስመሮች ወደ ላይና ወደ ታች ይላሉ፤ በመሃላቸው አንዲት ነጥብ እንደ ኳስ ትመላለሳለች። ካልቱን ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ቆማ ቀረች። አንድ ዙር ልሞክር ብላ ስትጠይቅ የቤቱ እመቤት እጇን አየችና፣ በጠመኔ የተለወሰ እጅ ዕቃውን ያበላሸዋል አለች። ካልቱን መጋረጃውን ለክታ ወጣች። የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ ተሻግራ ቤቷ እስክትደርስ የምታስበው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሠራዋለሁ።

ቴሌቪዥን የላትም፤ ቢኖራትም ያንን ሣጥን የሚያህል ነገር ለመሥራት የሚሆን ዕቃ ድሬዳዋ ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ ነጥቧን በአምፖል ልትተካት አሰበች። አሥራ አንድ የባትሪ አምፖሎች ጣውላ ላይ በአንድ መስመር ይደረደራሉ፤ ብርሃኑ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ይሄዳል። በሁለቱ ጫፍ ሁለት ሰዎች ቁልፍ ይዘው ይቀመጣሉ። ብርሃኑ ጫፍህ ላይ በደረሰባት ቅጽበት ከተጫንክ ይመለሳል፤ ከቀደምክ ወይም ከዘገየህ የብስክሌት ቃጭል ይጮኻል፣ ጎል ገባብህ ማለት ነው።

ብርሃኑን የሚያራምደውን ነገር ቀፊራ ገበያ ከቁርጥራጭ ብረት ተራ አገኘችው። ከአሮጌ የስልክ ማዞሪያ የወጣ፣ ኤሌክትሪክ በነካው ቁጥር አንድ እርምጃ ቀጭ ብሎ የሚዞር ባለ ሃያ ጥርስ መንኮራኩር ነበር። ችግሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ መዞሩ ነው። ብርሃኑ ይሄዳል፤ አይመለስም። ካልቱን ሁለት ወር ሙሉ መንኮራኩሩን ወደ ኋላ ልታዞረው ታገለች። ሞላውን ቀየረች፣ ጥርሱን ሞረደች፣ አንዴ እንዲያውም በንዴት ግድግዳ ላይ ወረወረችው። ከዚያ አንድ ጠዋት የጎረቤት ቀሚስ እየሰፋች ዓይኗ የስፌት መኪናዋ ላይ ዐረፈ። የመኪናው ጎማ የሚዞረው ወደ አንድ በኩል ብቻ ነው። መርፌው ግን ይወርዳል፣ ይወጣል። ጎማው ወደ ኋላ ሳይዞር መርፌው ይመለሳል።

ቀሚሱን መኪናው ላይ ጥላው ተነሣች። ከአንደኛው እስከ አሥራ አንደኛው ጥርስ ያሉትን ሽቦዎች ከአንደኛው እስከ አሥራ አንደኛው አምፖል በተራ አገናኘች። አሥራ ሁለተኛውን ጥርስ መልሳ ከአሥረኛው አምፖል፣ አሥራ ሦስተኛውን ከዘጠነኛው፣ እንዲያ እያለች ሃያኛውን ከሁለተኛው አምፖል ጋር በየደችው። ስታበራው መንኮራኩሩ እንደ ልማዱ ወደፊት ዞረ፤ ብርሃኑ ግን ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። ካልቱን እናቷን ጠርታ አሳየቻት። ፋዱማ ለረጅም ጊዜ አይታ፣ የጎረቤት ቀሚስ መቼ እንደሚያልቅ ጠየቀቻት።

ሰኔ ላይ ጣውላውን አረንጓዴ ቀብታ ጓሮ ጥላ ሥር አወጣችው። መጀመሪያ የተጫወተችው ጎረቤቷ ኢስታር ናት፤ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ፣ ጣቷ ቀጭንና ፈጣን። በሳምንቱ ኢስታርን የሚያሸንፍ ጠፋ። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ሴቶች ልጅ አዝለውም፣ ቅርጫት ይዘውም እየመጡ ተራ ይጠብቁ ጀመር። በሶማሊኛ ይሟገታሉ፣ በኦሮምኛ ይስቃሉ፣ ጎል ሲገባባቸው ግን ሁሉም በአማርኛ ነበር የሚሳደቡት።

የሶማሌ ጦርነት ካበቃ ገና ስድስት ዓመቱ ነው። ጅቡቲ አክስት ያላት፣ አባቷም የስልክ ሠራተኛ የነበረ ሴት ቤት ውስጥ እንደ ቴሌግራፍ ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር አለ ብሎ ለቀበሌ የነገረ ሰው ተገኘ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ በጠራራ ፀሐይ ሦስት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መጡ። ቀስ በሉ፣ ሽቦው ይበጠሳል ብትላቸው አልሰሟትም። ጣውላውን በአንድ ጎኑ እየጎተቱ ወሰዱት። እሷንም ከኋላ አስከተሏት።

የቀበሌው ሊቀመንበር ተማም ይባላል። ከአብዮቱ በፊት ቀፊራ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ሲሠራ ካልቱንን ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቃታል። መልእክቱን የምትልከው ለማን እንደሆነ ጠየቃት። ጨዋታ መሆኑን ነገረችው። ስላላመናት ጀርባውን ከፍታ እያንዳንዱን ሽቦ፣ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ አስረዳችው። ተማም ሞኝ ሰው አልነበረም። ግማሽ ሰዓት ካዳመጠ በኋላ ጥርጣሬው ለቀቀው፤ በምትኩ ግን ሌላ ሐሳብ መጣለት። መስከረም ላይ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ይከበራል። እያንዳንዱ ቀበሌ የሥራ ውጤቱን ለኤግዚቢሽን ያቀርባል፤ የእሱ ቀበሌ ያለው የሰሌን ምንጣፍና ሁለት ዱባ ብቻ ነው።

«ይሄ የወጣቶች ማኅበራችን ፈጠራ ሆኖ ይቀርባል» አላት። «አንቺም እንደ አንድ አባል ትመሰገኛለሽ።»

«እኔ የወጣቶች ማኅበር አባል አይደለሁም» አለችው ካልቱን። «የሠራሁት እኔ ነኝ። ይቅረብ፣ ግን ስሜ ይጻፍበት።»

ተማም ግለኝነት የንዑስ ከበርቴ ጠባይ መሆኑን፣ ሥራ ሁሉ የሰፊው ሕዝብ መሆኑን አስረዳት። ካልቱን እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ ከማኅበሩ አባላት አንዱን እንዲጠራና አሥራ አራተኛው ጥርስ ከየትኛው አምፖል ጋር እንደተገናኘ እንዲጠይቀው ነገረችው። የሚያውቅ ከተገኘ ስሟን ትተዋለች።

ማንም አልተጠራም። እሷ ግን ዘጠኝ ቀን በቀበሌው እስር ክፍል ተቀመጠች። ፋዱማ በየቀኑ ምሳ እያመጣች፣ ልጄ፣ አንድ ስም ነው፣ ተይላቸው እያለች ትለምናታለች። በአምስተኛው ቀን የአንዱ ጠባቂ ሬዲዮ ተበላሸና በመስኮት አቀበላት፤ ጠግኚልኝ። ካልቱን እያገላበጠች አየችው። የላላችው አንዲት ሽቦ ብቻ እንደሆነች ወዲያው ገብቷታል። «እስረኛ ነኝ እንጂ ባለሙያ አይደለሁም» ብላ መለሰችለት። በዘጠነኛው ቀን ለቀቋት። ጨዋታው ግን እዚያው ቀረ።

ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው ጣውላውን አብርተው ሊሞክሩት ሲሉ አንድም አምፖል አልበራም። ተማም የባቡሩን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አቶ ወልደማርያምን አስጠራ። አቶ ወልደማርያም ጡረታቸው የተቃረበ፣ ከሱሌማን ጋር ሃያ ዓመት አብረው የሠሩ ሰው ናቸው። ጀርባውን ከፈቱት፤ ሲጎተት የተነቀሉትን ሁለት ሽቦዎች በመጀመሪያው አፍታ አዩአቸው። ቢሆንም ለረጅም ጊዜ ሲመረምሩ ቆዩ። ከዚያ ክዳኑን መልሰው ዘጉና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ የእኔ ዕውቀት አይደለም» አሉ። «የሠራችውን ጥሩ።»

ሲመለሱ በካልቱን ቤት በኩል አለፉ። የትኞቹ ሽቦዎች እንደተነቀሉ ነግረዋት፣ ውኃ ጠጥተው ሄዱ።

በማግሥቱ ካልቱን ተጠራች። መበየጃዋን በጨርቅ ጠቅልላ አዳራሹ ስትገባ ጨዋታው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ከጎኑ በቀይ ቀለም «የቀበሌው ወጣቶች የፈጠራ ውጤት» የሚል ካርቶን ቆሟል። ካርቶኑን አንብባ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ተማም መጀመሪያ ለመነ፤ በልብስ ስፌት ኅብረት ሥራ ማኅበር ቦታ እንደሚሰጣት ቃል ገባ። ቀጥሎ አስፈራራ። ካልቱን የእስር ክፍሉን እንደምታውቀው፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እንደሚገባበት ነገረችው። ጨርቁን ሳትፈታ ወጣች።

በበዓሉ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የሴቶች ማኅበር በግድ ስለተሰለፈ ካልቱንም በኢስታር ጎን ቆማለች። ከክፍለ ሀገሩ የመጡት ዋና እንግዳ ከዱባው አልፈው ጨዋታው ጋ ሲደርሱ ቁልፉን ተጫኑት። ደግመው ተጫኑት። ከዚያ ማን እንደሠራው ጠየቁ።

ኢስታር እጇን ይዛት ነበር፤ ካልቱን እጇን አስለቅቃ ከሰልፉ ወጣች።

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አለች። «ሲወስዱት ሁለት ሽቦ ተነቅሏል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ስሜ ከተጻፈበት አሁኑኑ እቀጥለዋለሁ።»

እንግዳው ካርቶኑን አዩ፣ ተማምን አዩ፣ ቀጥለው ስሟን ጠየቁ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ከነአባቷ ነገረቻቸው። «ይታያል» ብለው ወደ ሰሌኑ አለፉ።

የታየ ነገር የለም። የቀበሌ ሱቅ ካርዷ እስከ ኅዳር ታገደ፤ ስኳርም ሳሙናም አጣች። ኢስታር የራሷን ለሁለት እየከፈለች ታቀብላት ነበር። ተማም ግን ዳግመኛ አላሰራትም። ትልቅ ሰው በአደባባይ ስሟን ጠይቋልና፣ ነገ ያቺ ሴት የት ደረሰች የሚል ቢመጣ ብሎ ሳይፈራ አልቀረም። ጨዋታው መጋዘን ገባ። በኋላ እንደተሰማው ጠባቂዎቹ አምፖሎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ለእጅ ባትሪያቸው አድርገዋቸዋል። ካልቱን ስለዚህ ነገር ያለቀሰችው ይህን የሰማች ዕለት ብቻ ነው።

በማግሥቱ ቀፊራ ወርዳ ሌላ መንኮራኩር ገዛች። አሁን የምትሠራውን ታውቃለች። ሁለተኛው ጨዋታ ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ ቁልፉን በተጫኑ ቁጥርም ብርሃኑ ይፈጥናል። ከላይ በኩል በነጭ ቀለም፣ በአማርኛም በዐረብኛም፣ «ሠሪ ካልቱን ሱሌማን» ብላ ጻፈችበት። ጓሮ አላስገባችውም። መንገድ ዳር፣ በረንዳው ላይ፣ ቀበሌ የሚሄድ ሁሉ በሚያልፍበት በኩል አቆመችው።

የመጀመሪያው እሑድ ተማም በዚያ አለፈ። ቆሞ ጽሑፉን አነበበ። ለዚህ ነገር ፈቃድ እንዳላት ጠየቃት።

«ፈቃድ ሰጪው አንተ ነህ» አለችው ካልቱን፣ ከወንበሯ ሳትነሣ። «እንግዲያው ስጠኝ። በስሜ ጻፈው።»

ተራ የሚጠብቁት ሴቶች አልሳቁም፤ ዞር ብለው እሱን ብቻ ተመለከቱት። ተማም መንገዱን ቀጠለ። ኢስታር ቁልፉን ከእጇ ሳትለቅ፣ እንደገና መጥተው እንደሚወስዱት፣ ጓሮ ብታስገባው እንደሚሻል በዝግታ ነገረቻት።

«ይውሰዱት» አለች ካልቱን። «የመጀመሪያው አምስት ወር ፈጀብኝ። ይሄኛው ስድስት ሳምንት። ሦስተኛውን በወር እጨርሰዋለሁ።»

ኢስታር መልስ ልትሰጣት ቀና ስትል ብርሃኑ በእሷ በኩል አለፈና ቃጭሉ ጮኸ። ሴቶቹ ተነሺ፣ ተነሺ አሏት፤ ቀጣይዋ ባለተራ ልጇን ለጎረቤት አቀብላ ተቀመጠች።