በበቅሎ ኮርቻ ሥር የተሰፋው ዶላር

ማክሰኞ ንጋት፣ ጎንደር

ገና ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያው በር ላይ ቆመናል። እኔና ያን ነን። ያን የሆላንድ ሰው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በመድን ድርጅት ሠርቶ በቅርቡ ጡረታ የወጣ፣ ረጅም፣ ቀይ፣ ለነገር ሁሉ የሚጠነቀቅ ሰው። እኔ ደግሞ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ በጥር ዕረፍት እንግዳ አጅቤ ሰሜን ተራራ እወጣለሁ። የደመወዜን ነገር ስለምታውቁት ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝም።

«የገንዘብ ነገር አያሳስብህ፤ ከፋፍዬ ነው የያዝኩት» አለኝ ያን አውቶቡሱ እስኪሞላ ስንጠብቅ። ብሩ ካልሲው ውስጥ፣ የባርኔጣው ገበር ውስጥና ባዶ የሻምፖ ጠርሙስ ውስጥ ነው። ዶላሩስ?

«እሱን ለማንም አልናገርም። መጽሐፉ አትናገር ይላል።»

መጽሐፉ ለተጓዦች የተጻፈ ወፍራም መመሪያ ነው። ያን በየማታው ያነበዋል፤ ያነበበውንም ይፈጽማል። የዚህ ዓይነት ተማሪ በሃያ ዓመት የማስተማር ሥራዬ አልገጠመኝም።

ረፋድ፣ ዳባት

አውቶቡሱ ለቁርስ ዳባት ቆመ። አቧራ፣ የነጭ ሽንኩርት ጆንያ፣ የኩራዝ ጋዝ የሚያራግፍ አይሱዙ። አንዲት ምግብ ቤት ገብተን እንቁላል ፍርፍር በላን፤ ሻይ ጠጣን። ሒሳብ ሲመጣ ያን «ዛሬ እኔ ነኝ» አለና ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ።

የቤቱ ዓይን ሁሉ ወደ እግሩ ዞረ። ጫማው ወለቀ። ካልሲው ወለቀ። ከካልሲው ውስጥ የመቶ ብር ኖት ወጣ፤ እንፋሎት ቢኖረው አይገርመኝም። ባለቤቲቱ ኖቱን በጥፍሯ ጫፍ ተቀብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ ሰውየው እግሩን ታጥቧል?»

«ትናንት ታጥቧል።»

«ዝርዝርም የለኝ» ብላ ኖቱን መለሰችልኝ። ከኪሴ ከፈልኩ። ካልሲው የተቆለፈ ካዝና መሆኑን አሁን ቤቱ ሙሉ ያውቃል፤ አውቶቡሱም ያውቃል። ደባርቅ እስክንደርስ ተሳፋሪው ሁሉ የያንን እግር ሲያይ ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ደባርቅ

ደባርቅ ብርድ አለ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የመግቢያውን፣ የድንኳኑንና የስካውቱን ከፈልን፤ ባርኔጣው ተፈታ። ስካውቱ፣ ማለት የፓርኩ ዘብ፣ ደሴ ይባላል፤ ጠመንጃና አንድ ፌስታል ቆሎ ይዞ መጣ።

በቅሎ የሚገኘው በተራ ነው። ባለበቅሎዎቹ ማኅበር አላቸው፤ ተራ አስከባሪው እየጠራ ይመድባል። የደረሰን ፈንታሁን የሚባል፣ ቀጠን ያለ፣ ሲናገር ሰው ፊት የማያይ የጃናሞራ ሰው ነው። ከገና ወዲህ ተራ ሲደርሰው ይህ የመጀመሪያው ነው። ያለው ሀብት ዘቢባ የምትባል በቅሎው ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን ግማሽ ዋጋዋ ገና አልተከፈለም። ተራ አስከባሪው የማኅበሩን ደንብ ያለ ማንም ጥያቄ ነገረን፦ እንግዳ በስርቆት የከሰሰው ባለበቅሎ ከተራ ይወጣል፤ ተመልሶም አይገባም።

ያን ደንቡን ስተረጉምለት ደስ አለው። «ጥሩ አሠራር ነው» አለ።

ረቡዕ፣ ሳንቃ በር

ጠዋት ፈንታሁን ቁርስ ሲበላ ያን «በቅሎዋን ልይ» ብሎ ብቻውን ወጥቶ ነበር። ደግሞም ቆየ። እኔ ከዚያ ሽንት ቤት ጎራ ያለ መስሎኝ ነበር።

መንገዱ ቀኑን ሙሉ ዳገት ነው፤ ገብስ የታጨደበት ማሳ፣ ከዚያ ጅባራ፣ ከዚያ ገደል። ገደሉን ለመግለጽ አልሞክርም፤ ከኔ የተሻሉ ሞክረው አልሆነላቸውም። ሳንቃ በር ስንደርስ ያን ድንኳኑን ከመትከሉ በፊት ወደ ዘቢባ ሄዶ ጀርባዋን፣ ጎኗን፣ ከኮርቻው ሥር ያለውን ገለባ የተሞላ መደላድል ሁሉ ዳሰሰ፤ ከዚያ ፊቱ በርቶ ተመለሰ።

ፈንታሁን ይህን አይቶ ልቡ ተነካ። «መምህር፣ ፈረንጁ ከብት ይወዳል። እንዲህ ያለ እንግዳ አይቼ አላውቅ» አለኝ።

እኔም ጥሩ ሰው ነው አልኩ።

ሐሙስ፣ ጊች

የጅንባርን ወንዝ ተሻግረን ወደ ጊች ስንወጣ ዘቢባ አመሏ ተቀየረ። ትቆማለች፣ ትራገጣለች፣ ጀርባዋን ታሸማቅቃለች። ፈንታሁን ደጋግሞ ቢለምናት አልሰማ አለች። «ኧረ በስመ አብ! ይቺ እኮ እንዲህ አታውቅም» ይላል። ያን ከኋላ ሆኖ «በቀስታ! በቀስታ!» ይላል። ማን ለማን እንደሚጨነቅ ያኔ አልገባኝም።

ጊች ደርሰን እቃ ሲራገፍ ፈንታሁን በቅሎዋን ይዞ ወደ መንደሩ፣ ዘመዶቹ ዘንድ ሄደ። ያን ሊከተለው ፈልጎ ነበር፤ እግሩ ስላበጠ ቀረ። በማግስቱ ጠዋት ዘቢባ ተሻሽላ መጣች። ፈንታሁን ግን ተክዞ ነበር፤ ለሰላምታዬም ግማሽ መልስ ነው የሰጠኝ።

ዓርብ፣ ሳንቃ በር፣ እንደገና

ጸሐይ ስትዘቀዝቅ ሳንቃ በር ተመለስን። ያን እንደ ልማዱ በቅሎዋን ሊዳስስ ሄደ። ከዚያ ጮኸ። ከጮኸው ውስጥ ደሴም፣ ሌሎቹ ስካውቶችም፣ ደባርቅ ሊወርድ ሞተር ያስነሳው የመኪና ሾፌርም የሚያውቋቸው ሁለት ቃላት ነበሩበት፦ ዶላርና ፖሊስ፤ እጁም ወደ ዘቢባ ተቀስሯል። ውሃ ሊቀዳ የወረደው ፈንታሁን ብቻ አልሰማም።

ወደ ጎን ወስጄ አናገርኩት። ለካ ዶላሩን በሙሉ፣ የመመለሻውን፣ የሆቴሉን፣ ያለውን ሁሉ፣ ከጎንደር ገበያ በገዛት በትንሽ ቀይ የቆዳ ከረጢት አድርጎ፣ በጥቁር ክር ጠቅልሎ፣ በመደላድሉ ገለባ ውስጥ ወሽቆ ሰፍቶት ኖሯል።

«በቅሎ የሚዘርፍ ሌባ የለም ብዬ ነው» አለኝ። «አሁን ስፌቱ ሌላ ነው። እሱ ነው የወሰደው። ጠይቀው!»

ወይ ጣጣ! በዚህ አገር አንድን ሰው «ሰርቀሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ መጠየቅ አይደለም፤ መፍረድ ነው። ደግሞስ ተሳስተን ቢሆን? ፈንታሁን ሲመለስ ከእሳቱ ዳር አጠገቡ ቁጭ አልኩና፣

«የዘቢባ ጀርባ እንዴት ሆነ?» አልኩት።

ቀና አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየኝ። «ቀድሞ ማን ነገረህ መምህር?»

«ምኑን?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አስደግመውብኛል። ጊች ላይ ጀርባዋ ሊገጠብ ሲል መደላድሉን ብተረትረው ውስጡ ምን አገኘሁ መሰለህ? ቀይ ቆዳ። በጥቁር ክር የታሰረ። መተት! ተራ ሲደርሰኝ ዓይናቸው የቀላ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ናቸው። እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤ ለጊቹ ቄስ፣ ለቄስ አለነ ሰጠኋቸው። ፈረንጁ እንዳይደነግጥ ብዬ ዝም አልኩ።»

ክው አልኩ። ጎንደር ገበያ በቀይ ቆዳ የሚሸጠው ትንሽ ከረጢት የክታብ ማኅደር መሆኑን እኔ ብጠየቅ እናገር ነበር። አልተጠየቅኩም፤ መጽሐፉ ለማንም አትናገር ብሏላ!

«ቄሱ ምን አደረጉት?»

«ያቃጥሉታል ብዬ ነው።»

ይህን ለያን ተረጎምኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ «ጥሩ ተረት ነው» አለ። «ጊች ሄጄ በዓይኔ ካላየሁ ደባርቅ ላይ እከሰዋለሁ።» ለፈንታሁን ግን ጊች የምንመለሰው ፈረንጁ ቄሱን ማነጋገር ስለፈለገ ነው አልኩት። ከረጢቱ የያን መሆኑን አልነገርኩትም። መንገር ነበረብኝ።

ቅዳሜ፣ ጊች

ያን በዚያ ባበጠ እግሩ ዳገቱን ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያርፍ ወጣው። ቄስ አለነ ደጃፋቸው ላይ ጸሐይ ሲሞቁ አገኘናቸው። መስቀል ተሳልመን ነገሩን አስረዳሁ።

«ከፍቼ አይቼዋለሁ» አሉ። «መተት ሳይፈታ አይቃጠልም። ሳየው በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተሣለ ዓይን አለበት። ዓይኑ ያፈጣል።»

«ዶላር እኮ ነው አባ። ባለ አንዱ ዶላር ጀርባው ላይ እንደዚያ ነው።»

«ዶላር መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? እዚህ ፈረንጅ ሲመላለስ ስንት ዘመኔ ነው! እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው፤ ደግ ነገር ከሆነ በበቅሎ ጀርባ ተሰፍቶ ምን ይሠራል?»

ጥያቄውን ለያን ተረጎምኩለት። ያን ባርኔጣውን አውልቆ ገበሩን ይዳስስ ጀመር።

«አቃጠሉት?» አልኩ። ፈንታሁን ከኋላዬ ነው።

«ጠበል ውስጥ ነክሬዋለሁ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ላቃጥለው ነበር።»

የጠበሉ ገንዳ ከቤት ወጣ። ገንዘቡ ውሃ ጠጥቶ አብጧል እንጂ ደህና ነው። ያን ከሳሩ ላይ ቁጭ ብሎ እንባው መጣ፤ ከዚያ ኖቶቹን አንድ በአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘርግቶ በጠጠር ይጭናቸው ጀመር። ቄሱ ከረጢቱን ብቻ አስቀሩ። እሷ መቃጠሏ አይቀርም አሉ።

ፈንታሁን ግን ነገሩ ገና እየገባው ነበር። «የራሱ ነው ማለት ነው?» አለኝ። «ማንም አላስደገመብኝም?»

«ማንም።»

እፎይ ብሎ ሳይጨርስ ሌላ ባለበቅሎ ዛሬ ጠዋት ከደባርቅ ሳንቃ በር ድረስ በመኪና የመጡ እንግዶችን ይዞ ደረሰና ገና ከሩቅ «ፈንታሁን! ዶላር ሰረቅህ አሉ? ተራህን እኮ ሰረዙት!» ብሎ ተጣራ። ትናንት የወረደው ሾፌር ወሬውን ደባርቅ አድርሶታል።

ፈንታሁን ቆሞ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እኔ መጣ።

«መምህር፣ ሌባ ብሎኛል?»

ልዋሽ አሰብኩ፤ አልሆነልኝም። «አዎ» አልኩት።

«አንተም ስለ በቅሎዬ ጀርባ የጠየቅኸኝ ለዚሁ ነው?»

ዓይኔን ወደ ዘቢባ ጀርባ መለስኩ። አፈርኩ፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። እሱ ግን አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የበቅሎዋን አንገት እያሸ እንዲህ አለኝ፦

«ንገረው። ገንዘቡን ሁሉ ቆጥሮ በአደራ ለእኔ ይስጠኝ። እናንተ መኪና መንገድ ወጥታችሁ በአይሱዙ ሂዱ። እኔ ከዘቢባ ጋር በእግሬ እወርዳለሁ። ነገ ማታ፣ ተራ መጠበቂያው ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ቆጥሬ አስረክበዋለሁ።»

ያን ሲሰማ ሳቀ። ከዚያ ማንም እንዳልሳቀ አየ።

«ዋስትናው ምንድነው?» አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ይህንኑ መጠየቅ ነው።

«ምንም ዋስትና የለውም» አልኩት። «ግን በደባርቅ ሰው ፊት ስሙን ያጠፋኸው አንተ ነህ። ሌላ የምትመልስበት መንገድ ካለህ ንገረኝ።»

ድንጋዩ ላይ የተሰጣውን ገንዘብ አየ። ፈንታሁንን አየ። ኖቶቹ እስኪደርቁ ድረስ ጠጠሮቹን እያነሳ መልሶ ጫናቸው። ከዚያ ሰበሰባቸውና፣ ስካውቱ ደሴ እያየ ቆጥሮ፣ በሁለት እጁ ሰጠው። ፈንታሁንም በሁለት እጁ ተቀበለ። 

እሑድ፣ ደባርቅ

አይሱዙው ላይ ያን ወደ ኋላ እየዞረ መንገዱን ሲያይ መጣ። ደባርቅ ምሳ አልበላም። ከሰዓት በኋላ ተራ መጠበቂያው ሄደን አንድ ግንድ ላይ ተቀመጥን። ባለበቅሎዎቹ ነገሩን ሰምተዋል፤ ሥራ ያለውም የሌለውም ተሰብስቧል። «ጃናሞራ ገብቷል፣ አታገኙትም» የሚል አለ። «ሰውየውን አታውቀውም፣ ዝም በል» የሚልም አለ። ጸሐይዋ ስታዘቀዝቅ ያን ሰዓቱን ማየት ተወ።

ፈንታሁን ዘቢባን እየሳበ መጣ። እስከ ጉልበቱ አቧራ ነው። በቅሎዋን ከምሰሶው አስሮ፣ ከደረቱ በነጠላ ቁራጭ የተቋጠረ ነገር አወጣና በያን እጅ ላይ አኖረው።

«ይቁጠር» አለኝ። «ጮክ ብሎ።»

ያን እዚያው አደባባይ፣ ያ ሁሉ ሰው ከቦት፣ ዶላሩን አንድ በአንድ እያነሳ ቆጠረ። እሱ በእንግሊዝኛ ይጠራል፣ እኔ በአማርኛ እደግማለሁ፣ ባለበቅሎዎቹ እኔን ተከትለው ይቆጥራሉ። የመጨረሻዋን አንስቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን ልበል?» አለኝ ያን።

«ሙሉ ነው በል። በአማርኛ።»

«ሙሉ ነው» አለ።

«አልሰማንም!» አለ ከኋላ አንዱ።

ያን ግንዱ ላይ ወጣ። ረጅም ነው፤ ግንዱ ላይ ሲቆም ደግሞ የመንገዱ ማዶ ሱቆች ሁሉ ያዩታል። «ሙሉ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ፈንታሁን፣ ሙሉ ነው! ይቅርታ!» ይቅርታን ማን እንዳስተማረው አላውቅም።

ተራ አስከባሪው ጉሮሮውን ጠራረገ። «ፈንታሁን፣ ነገ ተራህ ነው።»

 ፈንታሁን ዘቢባን ውሃ ሊያጠጣ ወደ ምሰሶው ዞረና ገመዱን መፍታት ጀመረ።  ራሱ ያሰረውን ቋጠሮ መፍታት አቅቶት ደጋግሞ ይሞክራል። ባለበቅሎዎቹ አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ያን ከግንዱ ወርዶ አጠገቡ ሄደ፤ ገንዘቡን ለእኔ አቀብሎኝ ጎንበስ አለና ፈታለት።