ከረጢት የሌለው ትእዛዝ

ጠላፊዋ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወታደር ክንዱ ላይ የሚሰፋውን አርማ ስትጠልፍ ኖራለች። የሰፈሩ ሰው "እትዬ ክር" ይላታል። ከጋራዡ ጎን ያለች ክፍሏ ሁለት የስፌት መኪናና አንድ ረጅም ጠረጴዛ ይዛ ሞልታለች። ለግምጃ ቤት ቁልፍ፣ ለመሐንዲስ ድልድይ፤ ዓይኗን ጨፍና ትጠልፈዋለች።

የምትሳሳለት ግን ለጃርቱ አርማ ነው። የመጨረሻ ልጇ ያለው በጃርቱ ሻለቃ ውስጥ ነዋ። እሾኹ ሁሉ ወደ ፊት ያዘነበለው "ይህ ጦር አያፈገፍግም" ለማለት ነው ይላሉ። እንዲህ ያለ ትርጉም የሚያወጣው ቢሮ ተቀምጦ ሻይ የሚያማስል ሰው ነው። እውነተኛው ጃርት ሲጨንቀው ጉድጓዱ ይገባል፤ እሱን ጥለፊ ያላት ግን የለም።

ሥራው አንድ የማይጣስ ደንብ አለው፦ አሮጌው ሳይመለስ አዲስ አይወጣም። አርማ የትም ወድቆ ማንም እንዳይለጥፈው፣ የነተበውም የተቀደደውም ደም የነካውም በከረጢት ይመጣላታል። ቆጥራ ታቃጥላለች፤ በዚያው ልክ አዲስ ትሰፋለች።

ማክሰኞ ጠዋት የግምጃ ቤቱ መቶ አለቃ መጣ። ገና ልጅ እግር ነው።

"እትዬ፣ ጃርት አምስት መቶ። ዙሪያው በጥቁር ክር ይሁን።"

"ጥቁር ደግሞ ምን አመጣው? ወርቃማ አልነበረም እንዴ?"

"የክብር ነው አሉ። እኔ ምን አውቃለሁ።"

"እሺ፣ ከረጢቱን አስገባውና ልቁጠር።"

"ከረጢት የለም።"

"የአሮጌዎቹን ነው የምልህ፣ ልጄ።"

"እኔም እሱን ነው የምልሽ። የሚመለስ የለም፤ በአዲስ ምልምል ነው የምንሞላው።"

ይህን ያላት ቅጹን እየሞላ ነው፤ ቀና እንኳ አላለም። የሻለቃው ሙሉ ቁጥር አምስት መቶ ነው። ሬዲዮው ትናንት "ጃርቶቹ ቦታቸውን እንደያዙ ናቸው" ብሎ ነበር።

"ልጄ እዚያ ነው" አለች።

መቶ አለቃው እስክሪብቶውን ከቅጹ ላይ አነሳ። ምን እንዳወራ የገባው ያኔ ነው።

"እኔ ምንም አላልኩሽም፣ እትዬ።"

"ብለሃል።"

የትእዛዙን ወረቀት ከእጁ ወስዳ ሽርጧን ሳታወልቅ ወጣች። ልጆቻቸው በሻለቃው ያሉትን እናቶች ልትጠራ በባለጋራዡ ሚስት ጀመረች፤ የእሷም ሁለት ልጆች እዚያው ናቸው።

"ምነው አንቺ፣ አመድ መሰልሽ?"

"ጃርቱን በጥቁር ክር አዘዙኝ።"

"ታዲያ ጥቁር ክር አልቆብሽ ነው?"

"ከረጢት አልመጣም።"

ሴትዮዋ ደንቡን ታውቃለች፤ አሮጌው ሲቆጠር አብራ ትውላለች። ደጃፉ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

እኩለ ቀን ላይ አሥራ ዘጠኝ እናቶች የግምጃ ቤቱን ግቢ ሞሉት። የግምጃ ቤቱ አዛዥ ኮሎኔል ወጣ። አይዟችሁ አላለም፣ ቁጭ በሉ አላለም። "ማነው የነገራችሁ?" ነው ያለው። አምስት መቶ ሰው አልቆ ሰውየውን ያስጨነቀው ወሬው ማን አፍ እንዳመለጠ ነው።

"እናንተው ናችሁ፤ በፊርማ፣ በማኅተም" አለችው ጠላፊዋ ወረቀቱን ዘርግታ። "ስማቸውን ካላነበብክልን አንድ ጃርት አልሰፋም። እንዳሰኘህ አድርገኝ።"

"ዝርዝሩ ገና አልተጣራም።"

"ጥቁሩ ክር ተጣርቶ ነው?"

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝርዝሩ ተነበበ። ልጇ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው፤ ከሞተ አሥራ ሰባት ቀኑ። ባለፈው ሳምንት ብርዱን ፈርታ ሹራብ ልካለት ነበር፤ እዚሁ ግቢ፣ በዚሁ መስኮት፣ "ይደርሰዋል፣ እናቴ" ብለው ፈርመው ተቀብለዋታል።