የታመመ ልብ ይዞ ድንበር መሻገር

መጀመሪያ የከዳኝ ትንፋሼ ነው። መካኒሳ ከወንዙ ማዶ ከነበረው የልብስ ስፌት ፋብሪካችን ወደ ቤቴ የምትወስድ አንዲት ዳገት ነበረች። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ያቺን ዳገት ከልጅነቴ ጀምሮ እየሮጥኩ ነበር የምወጣት። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በተከበረበት ሰሞን ግን ከሥራ ስመለስ መሐሏ ላይ ቆምኩ። ሰው እንዳያየኝ ጫማዬ ውስጥ ጠጠር የገባ አስመስዬ ጎንበስ አልኩ። በሳምንቱ ሁለት ጊዜ ቆምኩ። በወሩ አራት ጊዜ።

የፋብሪካው ድሬሰር "ብርድ ነው" ብሎ የሳል ሽሮፕ ሰጠኝ። ጠርሙሱን ጨረስኩት፤ ሳሉ ግን ባሰ። ጋደም ስል ስለሚያፍነኝ ሦስት ትራስ ደራርቤ መደገፍ ጀመርኩ። አንድ ጠዋት የወታደር ሸሚዝ ኮሌታ እየሰፋሁ ሳልኩና መሀረቤ ላይ ሮዝ መልክ ያለው አረፋ አየሁ። ተነሣሁ። ለፈረቃ ኃላፊዬ "ሆስፒታል መሄዴ ነው። ፈቃድ ከሌለ የቀኑን ቁረጡት" ብዬ ወጣሁ።

ያየኝ ሐኪም ዝግ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። ደረቴን ለረጅም ጊዜ አዳመጡ። ኢ.ሲ.ጂ. አስነሡኝ፤ ራጅም አዘዙ። ከዚያ "በልጅነትሽ ጉልበትሽና ቁርጭምጭሚትሽ እያበጠ ያምሽ ነበር?" አሉኝ።

"አዎ። እናቴ የዕድገት ነው ትል ነበር።"

"የዕድገት አይደለም፣ ሩማቲክ ፊቨር ነው። ሳይታከም ከቀረ የጉሮሮ ሕመም የሚመጣ ነው። ጉልበትሽን ለቀቀና ልብሽን ያዘ። በግራ በኩል ያለው የልብሽ በር ጠቧል። ማይትራል ስቴኖሲስ እንለዋለን።"

ዲጎክሲንና ላሲክስ የሚባሉ እንክብሎች፣ በየወሩ ደግሞ የፔኒሲሊን መርፌ አዘዙልኝ። መድኃኒቱ ያቆይሻል እንጂ በሩን አይከፍተውም አሉ። የሚከፍተው ቀዶ ጥገና ነው፤ እሱም በእነሱ ሆስፒታል አይሠራም። ለሕክምና ወደ ውጭ የሚላኩትን የሚመርጥ ቦርድ ስላለ ስሜን እንደሚያስገቡ ነገሩኝ። "እስከዚያ እንዳታረግዢ" ብለው ጨመሩ።

"ከፊቴ ስንት ሰው አለ?"

"አላውቅም።"

"ማን ያውቃል?"

ማዘዣውን ፈርመው ሰጡኝ። ያን ዕለት ወረፋ እየጠበቅኩ እንደማልሞት ለራሴ ነገርኩት።

ባለቤቴ ነስሩ የከባድ መኪና መካኒክ ነው። ድርቁን ተከትሎ በመጣ አንድ የውጭ ዕርዳታ ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር። ሐኪሙ ባዩኝ በአምስተኛው ወር ድርጅቱ መኪኖቹን ወደሚያስጠግንበት ናይሮቢ ለሁለት ዓመት መደበው፤ ሚስቱንም ይዞ እንዲሄድ ፈቀደለት። ሠራተኛው ከነቤተሰቡ የሚታከምበት ኢንሹራንስም አለ ተባለ። ነስሩ ያን ቀን እየዘፈነ ነው ቤት የገባው።

የኢንሹራንሱ ፎርም ሲመጣ አንድ ጥያቄ ነበረበት፦ ከዚህ በፊት የታወቀ በሽታ አለብዎት? የነስሩ ታላቅ ወንድም ሙዘይን ለመሰናበት ከመርካቶ መጥቶ ነበርና ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ አነበበው።

"ባዶውን ተዪው፣ ሩቅያ። ናይሮቢ ከገባሽ በኋላ አመመኝ ትያለሽ። ማን ያውቃል?"

"ደረቴን የሚከፍተው ሐኪም ያውቃል" አልኩት።

ነስሩም ልክ እንደ ወንድሙ ነበር የሚያስበው፤ ፊቱን አይቼ አወቅኩ። እኔ ግን የበሽታዬን ስም በገዛ እጄ ጻፍኩት። ሐኪሙ ጋ ተመልሼም የምወስደው መድኃኒት ከነመጠኑ የተጻፈበት የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ለመንኳቸውና ከራጁ ጋር በአንድ ፖስታ አድርጌ ያዝኩ።

ለመውጫ ቪዛ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር። ሊቀመንበሩ ማመልከቻዬን ሁለት ጊዜ አነበበው።

"የሀገርሽን ሕክምና ንቀሽ ነው የምትሄጂው?"

"ጓድ ሊቀመንበር፣ የሀገሬ ሐኪምማ የበሽታዬን ስም ነግሮኛል። የቀረኝ የልቤን በር የሚከፍትልኝ ነው። እዚህ የሚከፍትልኝ ካለ ዛሬውኑ እተኛለሁ።"

ነስሩ ክንዴን ቆነጠጠኝ። በዚያ ዘመን እንዲህ መናገር ምን ሊያመጣ እንደሚችል አላጣሁትም። ሊቀመንበሩ ለሦስት ሳምንት አመላለሰኝ። ሦስቱንም ሳምንት በየማለዳው በሩ ላይ እየተቀመጥኩ ሳልኩለት። በመጨረሻ ማኅተሙን መታልኝ፤ አዝኖልኝ ይሁን ሳሌ ሰልችቶት አላውቅም።

ናይሮቢ በገባን በወሩ የኢንሹራንሱ መልስ መጣ። ነስሩ ጣቱ ቢቆረጥ ይከፍላሉ። እኔን ጥርሴን ቢያመኝ ይከፍላሉ። ለልቤ ግን አይከፍሉም፤ ከመምጣቴ በፊት የነበረ በሽታ ነው። ሙዘይን ይህን ሲሰማ "አላልኩሽም?" ብሎ ጻፈልኝ። ደብዳቤውን ቀደድኩት።

ወደ አንድ የግል ሆስፒታል ሄድን። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ አንድ ቁጥር ነገረችን፤ ከነስሩ የስድስት ወር ደመወዝ ጋር ይቀራረባል። ነስሩ ተበድሮ እንደሚሞላው ማሰላሰል ጀመረ። እኔ ግን ምን ምን እንደሚጨምር በጽሑፍ እንድትሰጠኝ ጠየቅኳት። "ማንም እንዲህ አይጠይቅም" አለችኝ። ስትጽፈው የነገረችን የአልጋውና የቀዶ ጥገና ክፍሉ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀዶ ሐኪሙ፣ የማደንዘዣ ሐኪሙ፣ የደሙ፣ የላቦራቶሪው ለየብቻ ነው። ተደምሮ ከእጥፍ በለጠ። አብዛኛውም አልጋ ከመያዜ በፊት በመያዣነት የሚከፈል ነበር።

ቤት ስንደርስ ነስሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። "ልመልስሽ፣ ሩቂ። ቢያንስ ከእናትሽ ዘንድ ትሆኛለሽ" አለኝ።

"ለመሞት ከሆነ መካኒሳም ይበቃኝ ነበር" አልኩት። "እኔ የመጣሁት ለመዳን ነው።"

በማግስቱ ብቻዬን ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሄድኩ። ካርድ ክፍሉ ፓስፖርቴን አየና "የውጭ ዜጋ እዚህ አይስተናገድም፤ ግል ሂጂ" አለኝ። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩና በኦሮምኛ ከራሴ ጋር ማውራት ጀመርኩ። ከሰፈራችን ወዲያ ያሉት የለቡ ገበሬዎች ወተት ሲያመጡልን ከልጆቻቸው ጋር እየተጫወትኩ ነው ቋንቋውን የለመድኩት፤ ሲጨንቀኝ እሱ ነው አፌ ላይ የሚመጣው። በአጠገቤ የምታልፍ ነርስ ቀጥ ብላ ቆመችና "ነጋ ቀብዳ?" አለችኝ። ሰላም ነሽ ወይ ማለቷ ነው። ከሰሜን ኬንያ ከማርሳቢት የመጣች ቦረና ነበረች። ስሟን ስጠይቃት "ቀባሌ" አለችኝ። ቀበሌዬ እዚህም ተከትሎኝ መጣ ብዬ ሳቅኩ፤ ሳቄ ወደ ሳል ተለወጠ፤ እሷም ይዛ አስቀመጠችኝ።

ማንም ያልነገረኝን የነገረችኝ ቀባሌ ናት። ከሆስፒታሉ ደንብ ጋር ያጣላኝ ፓስፖርቴ ነበር፤ ፓስፖርት ብቻ ያለው ሰው እንደ እንግዳ ይቆጠራል። በባሏ ሥራ የመኖሪያ ፈቃድ ያላት ሴት ግን እንደ ነዋሪ ነው የምትከፍለው፤ ክፍያውም ከግሉ ጋር አይወዳደርም። ፈቃዱን፣ የአሠሪውን ደብዳቤና ከሰፈሬ ጤና ጣቢያ የተጻፈ ሪፈር መያዝ አለብኝ። የእኔ ፈቃድ ከወጣ ወር ሆኖት ነስሩ መሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነበር። እኛ አልጠየቅንም። እነሱም አልሰጡንም።

ወረቀቶቹን አሟልቼ ካርድ አወጣሁ፤ ልብ ሐኪሙ ጋ በሦስት ሳምንት ተቀጠርኩ። የቀጠሮዬ ቀን ጠዋት ወረፋ ላይ ነበርኩ።

አየር አነሰኝ። ተነሣሁ። ወለሉ ላይ ወደቅኩ። አፌ በአረፋ ተሞላ። የሰው እግር ብቻ ይታየኛል። ፖስታዬን ደረቴ ላይ ይዣለሁ። ሊቀበሉኝ ሲሉ አለቅም አልኩ። የቀባሌን ድምፅ ሰማሁ። ያን ጊዜ ለቀቅኩ።

ሳምባዬ ውሃ ሞልቶ ነበር። ድንገተኛ ክፍል ስገባ ስለ ክፍያ ያነሣ አልነበረም። የነቃሁት ኦክስጅን አፍንጫዬ ላይ ሆኖ ነው። ትውልዱ ከሕንድ የሆነ ኬንያዊ ቀዶ ሐኪም ከአዲስ አበባ ያመጣሁትን ደብዳቤ ይዞ አጠገቤ ቆሟል።

"ይህን የጻፉልሽን ሐኪም አመስግኚልኝ" አለኝ። "ዲጎክሲን ምን ያህል እንደምትወስጂ ባላውቅ ኖሮ ደግሜ ልሰጥሽ እችል ነበር። ልብሽን ያቆመው ነበር።"

የሚሠራልኝን በቀላል እንግሊዝኛ አስረዳኝ። ልቤ እየመታ ጣቱን አስገብቶ የተጣበቀውን በር ያላቅቀዋል።

"ልሞት እችላለሁ?"

"ትችያለሽ። ካልተሠራልሽ ግን በእርግጠኝነት ትሞቻለሽ።"

ፈረምኩ። ደም የሚሰጥ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ነስሩና አንድ የጋራዡ ባልደረባው ኬንያዊ ሰጡ።

ስነቃ ከጡቴ ሥር እስከ ጀርባዬ እሳት ነው። ቱቦ ከጎኔ ወጥቷል። መሳል አለብሽ አሉኝ። ትራስ አቅፌ ሳልኩ። አለቀስኩ። እንደገና ሳልኩ። መሀረቡን አየሁት። ንጹሕ ነበር።

በአራተኛው ቀን ቀባሌ ክንዴን ይዛ ከአልጋዬ እስከ መስኮቱ አስኬደችኝ፤ በሳምንቱ ኮሪደሩን ብቻዬን ደርሼ መመለስ ቻልኩ፤ ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ደግሞ በየጠዋቱ ከነስሩ ጋር እስከ ዋናው መንገድ እየሄድን በየቀኑ አንድ የመብራት ምሰሶ እንጨምር ነበር። ሂሳቡ ከነመድኃኒቱ የነስሩ የወር ተኩል ደመወዝ ሆነ፤ በሦስት ጊዜ ከፍለን ጨረስነው። በሁለት ትራስ፣ ኋላም በአንድ ትራስ መተኛት ስጀምር ነስሩ ትርፎቹን ትራሶች ጣሪያ ሊያስነካቸው የፈለገ ይመስል ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ወረወራቸው፤ ያን ሰሞን ሁለታችንም ስንስቅ ጎረቤት ግድግዳ እስኪመታ ድረስ ነበር።

ዛሬ መካኒሳ ሆኜ ይህን የምጽፈው ሕመም ይዛችሁ ጎረቤት ሀገር ለምትገቡ ነው። ጅቡቲ ይሁን ካርቱም ወይም ናይሮቢ፣ ሻንጣ ከመዝጋታችሁ በፊት ስለ ሕክምናው ጠይቁ። ኢንሹራንስ አለ ሲሏችሁ የማይከፍለው ምን እንደሆነ ጠይቁ፤ እኔ ይህን ሳልጠይቅ ነው የሄድኩት። የመኖሪያ ወረቀታችሁን ከማንም መሳቢያ አውጥታችሁ በእጃችሁ ያዙ። የምትወስዱትን መድኃኒት ስሙንና መጠኑን አጽፉ። በሽታችሁን አትደብቁ። መደበቅ የሚያተርፍ መስሎ ይታያል፤ እኔን ግን ይገድለኝ ነበር። እንደ እኔ የልብ በር የተከፈተለት ካለ ደግሞ ዳንኩ ብሎ መርፌውን እንዳያቋርጥ፤ ጉሮሮ ሲታመም በሽታው ይመለሳል።

አልሐምዱሊላህ። ደብዳቤውን የጻፉልኝን ሽማግሌ ሐኪም፣ ጣቱን ልቤ ውስጥ ያስገባውን ቀዶ ሐኪም፣ ስሙን በቅጡ መጥራት ሳልችል ደሙን የሰጠኝን የጋራዥ ሠራተኛ አመሰግናለሁ። ቀባሌን ከሁሉ በላይ። ነስሩን በየቀኑ ስለማመሰግነው እዚህ አልጨምረውም።

የልብ ሕመምተኛ አትናደድ ይባላል፤ እኔም ሐኪሞቼን በሌላው ሁሉ እሰማቸዋለሁ። በዚህ ግን አልስማማም። በመስኮት የተቀመጠ ሰው "አይቻልም" ሲላችሁ ተናደዱ። ትንፋሽ ካጠራችሁ ተቀመጡ፣ ዕረፉ፣ መድኃኒታችሁን ዋጡ። ከዚያ ተነሡና የሚቀጥለውን መስኮት አንኳኩ።