ልጄ ደም የመለሰችበት ቅዳሜ

ልጄ በትምህርት ቤቷ ቴአትር ልጁ የተገደለበትን አባት ሆና ልትጫወት ነው። ቴአትሩ የጥንት እንግሊዞች ነው፤ በሬሳ ተጀምሮ በሬሳ ክምር ያልቃል። «አያቴንም ይዘኸው ና፣ ኦኬ?» አለችኝ። አያቷን «አንቱ» ማለት እስካሁን አልሆነላትም።

አባቴ ከጎጃም መጥተው አሜሪካ፣ ሌዊስቪል ከተማ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ዓመት አልሞላቸውም። በልጅነቴ ታላቅ ወንድሜን ጎረቤታችን በእርሻ ድንበር ጠብ ገደለው። ሽማግሌዎች ገቡ፤ ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ አባቴ እግር ስር ወደቀ፤ እሳቸውም «ተነስ፣ ለእግዚአብሔር ብዬ ትቼልሃለሁ» አሉት። ትቼልሃለሁ! የማንን ደም ነው የሚተዉት? ሰውዬው ዛሬም እዚያው ያርሳል፣ ልጆች ድሯል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ እንጂ አንድም ቀን አልተዋጠልኝም።

አዳራሹ ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጬ በሹክሹክታ እተረጉምላቸዋለሁ። ልጄ ጢም ለጥፋ ዳኛ ፍለጋ ትንከራተታለች፤ ገዳዩ የትልቅ ሰው ልጅ ነውና የሚሰማት የለም።

«ሽማግሌ የሚባል የላቸውም እንዴ?» አሉኝ አባቴ።

«የላቸውም!» አልኩ በስጨት ብዬ።

መጨረሻ ላይ ልጄ ድግስ መሃል ጩቤ መዝዛ ገዳዩን ስትወጋው አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ቀዩ ሽሮፕ ተረጨ፤ የገዳዩ ወንድም ወደቀ፣ እህቱ ወደቀች፣ ልጄም በመጨረሻ ራሷን ወጋች። ሰው ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ። አባቴ ግን ከመቀመጫቸው አልተነሱም።

ልጄ ልብሷን እስክትቀይር መኪና ውስጥ ስንጠብቃት አልቻልኩም፤ ፈነዳሁ።

«አዩ አባባ? አባት ማለት እንዲህ ነው! አንቱ ግን ልጅዎን በአንድ ድንጋይ ለወጡት!»

አልተቆጡም። «ያ የቴአትሩ አባት ስንት ልጅ ነበረው?» አሉኝ።

«አንድ።»

«እኮ። እኔ ሁለት ነበሩኝ። ደሙን ብመልስ የገዳዩ ወንድሞች ማንን ነበር የሚፈልጉት? አንዱን ቀብሬ አንተንም ልቅበርህ?»

ይባስ ብሎ ደሜ ፈላ። ይህን ሁሉ ዓመት እሳቸውን ፈሪ እያልኩ በሆዴ ስሰድብ ለምን ዝም ይሉኛል? የወንድሜ ደም ሳይመለስ የቀረው ለእኔ ሲባል መሆኑን እስከዚያ ቅዳሜ የነገረኝ ሰው አልነበረም።